ሳይጮኹ፣ ሳይነክሱ፦ ወንድ ኒውቶች በምን ይፎካከራሉ?

ሳር_ሜዳ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ስለ እንስሳት የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁና ጥያቄዬን ላቅርብ።

ከቤታችን ጀርባ ለግንባታ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ሌሊቱ የእንቁራሪት ነው፤ መስኮት ቢዘጋም ለውጥ የለውም። ባትሪ ይዤ ወጥቼ ስመለከት ነገሩ ግልጽ ነው። ወንዶቹ ይጮኻሉ፣ ሴቷ ስትቀርብ አንዱ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ሊያወርደው ይታገላል። የወንዶች ፉክክር ማለት ይኸው ነው ብዬ ተቀምጬ ሳለ፣ እንግሊዝ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሚያዝያ ወር ከጎረቤቱ የአትክልት ቦታ ኩሬ የቀረጸውን ቪዲዮ ሰሞኑን ላከልኝ።

እንስሳው እንሽላሊት ይመስላል፤ ግን ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ወንዱ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ድረስ ጀርባው ላይ የቆመ፣ ጋማ የመሰለ ስስ ቆዳ አለው። ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ሴቷ ፊት ይቆምና ጅራቱን ወደ ጎኑ አጥፎ በፍጥነት ያርገበግበዋል። ድምፅ የለም፤ መንካትም የለም። ሴቷ አንዳንዴ ቆማ ታየዋለች፣ አንዳንዴ ጥላው ትሄዳለች። ኋላ ሁለተኛ ወንድ መጣ። አሁን ጠብ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልተፈጠረም። ሦስቱም ተከታትለው ትንሽ ተጓዙ፤ ከዚያ ሁለተኛው ሴቷን አስከትሎ ሄደ፣ የመጀመሪያው ባዶውን ቀረ።

ይህ ምን የሚባል እንስሳ ነው? አገራችን ውስጥስ አለ? ካልጮኹና ካልታገሉ አሸናፊው በምን ይለያል?

ላም_አርቢ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 4፡05

ጎረቤቴ ነህ ማለት ነው፤ የጉድጓድህ እንቁራሪቶች እኔም ቤት ድረስ ይሰማሉ። ስለ እንስሳው የማውቀው የለኝም። ሆኖም ያልጮኸና ያልታገለ ወንድ ሚስት የሚያገኝበት አገር ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ የምልከው ታናሽ ወንድም አለኝ።

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2፡15

ሳር ሜዳ፣ አገላለጽህ ጥሩ ስለሆነ ቪዲዮውን ሳላይ መመለስ እችላለሁ። ያየኸው ኒውት ነው፤ ከሳላማንደሮች ወገን። እንግሊዝ ውስጥ ሦስት አገር በቀል የኒውት ዝርያዎች አሉ። የአንተው ለስላሳ ኒውት የሚባለው ነው፤ ጅራቱ ተጨምሮ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይረዝማል።

አገራችን ውስጥ የለም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አንድም ኒውት፣ አንድም ሌላ ሳላማንደር አይገኝም። በአህጉራችን ያሉት ጥቂቶቹ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ተወስነው ቀርተዋል። የዘር ሐረጋቸው የሰሜኑ አህጉራት ነው፤ ኑሯቸው እርጥበት የሚሻ በመሆኑ በረሃውን መሻገር አልቻሉም። እኛ ጋ ያሉት አምፊቢያኖች እንቁራሪቶች፣ ጉርጦች፣ እንዲሁም በደቡብ ምዕራብ ደኖች አፈር ውስጥ የሚኖር፣ የምድር ትል የሚመስል እግር አልባ ፍጥረት ናቸው። ይህ የመጨረሻው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ሳያየው ይሞታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ኒውት አብዛኛውን ዓመት ከድንጋይና ከግንድ ስር ተሸሽጎ በየብስ ይኖራል። የክረምቱ ብርድ ሲለዝብ፣ በየካቲትና በመጋቢት ዝናባማ ሌሊቶች ወደ ኩሬ ይወርዳል። ያኔ ወንዱ መልኩ ይለወጣል፤ ያየኸው ጋማ የሚበቅለው ለዚያ ወቅት ብቻ ነው። አጥንት የሌለው ቆዳ ስለሆነ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ተመልሶ ይሟሽሻል።

እንቁራሪት ሴቷን አቅፎ ይዞ፣ እንቁላሉ ሲወጣ ዘሩን በላዩ ይለቃል። ስለዚህ የያዘ ወንድ ያተርፋል። ለስላሳ ኒውት ግን አይዝም። ሴቷ ፊት ይቀድምና ጎኑን አዙሮ ጋማውን ያሳያታል። ከዚያ ጅራቱን ድንገት ይወነጭፋል፤ የውሃው ግፊት አንዳንዴ ሴቷን ወደ ኋላ ይገፋታል። ቀጥሎ ጅራቱን አጥፎ ያርገበግባል፤ አንተም ያየኸው ይህንን ነው። ማርገብገቡ ከሰውነቱ የሚመነጨውን ሽታ በውሃ ጅረት ወደ አፍንጫዋ ይልካል። ሴቷ ወደ እሱ መራመድ ከጀመረች እያሳየ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ቀጥሎ ፊቱን አዙሮ ቀስ እያለ ይሄዳል። ተከትላው ጅራቱን በአፍንጫዋ ስትነካ የዘር ቋጠሮ ኩሬው ወለል ላይ ይጥላል። ትንሽ ወደ ፊት ይሄድና አካሉን አግድም አድርጎ መንገዷን ይዘጋል፤ በዚያ ስትቆም የመራቢያ ቀዳዳዋ ከቋጠሮው በላይ ይሆናል። ከተሳካ ትወስደዋለች። ካልተሳካ ቋጠሮው እዚያው ይቀራል፤ ብዙዎቹም እንዲሁ ይቀራሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ጊዜ እንኳን አልያዛትም። መሄድ ስትፈልግ የሚያግዳት ነገር የለም።

የአቃቂ_ልጅ
ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 6፡50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውሃ ውስጥ ሽታ እንዴት ይሠራል? ደግሞስ ኩሬ ውስጥ ብዙ ዓይነት ኒውት ካለ የአንዱ ሽታ ከሌላው ጋር አይደባለቅም?

በጌንት_ነዋሪ (ቤልጅየም)
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህን እኔ ልመልስ፤ መምህር ይፈቅዱልኛል። ሽታው ፌሮሞን ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ፕሮቲኖችና የፕሮቲን ቁርጥራጮች ናቸው። የመጀመሪያው በደንብ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ፣ ሆዱ እሳት ከሚመስለው የጃፓን ኒውት ነው። በ10 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራች አጭር ሰንሰለት ነች፤ ወንዱ የሚያመርታት ጅራቱ ስር ባለ እጢ ነው። ጥያቄህን የሚመልሰው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ የጃፓን ኒውት የራሱ የሆነ፣ ትንሽ ለየት ያለ ሰንሰለት አለው፤ የአንዱ ሽታ የሌላውን ሴት አይስብም። ስለዚህ ይደባለቃል ብለህ አትስጋ። አፍንጫቸው ከእኛ ይልቅ የተማረ ነው።

እዚህ የምኖርበት አካባቢ በገበሬዎች ኩሬ ውስጥ ከአንድ በላይ ዝርያ አብሮ ይታያል። አንደኛው ከጅራቱ ጫፍ ክር የመሰለ ነገር የሚወጣውና የኋላ እግሮቹ ጣቶች በቆዳ የተያያዙት ነው። ሌላው ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ያለ ምንም ነጠብጣብ ብርቱካናማ የሆነው የአልፕስ ኒውት ነው። ዕድለኛ ከሆንኩ ደግሞ ትልቁን፣ ጋማው እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀውን አያለሁ። የዚህኛው ወንዶች ሲመሽ ሣር ያልሸፈነው የኩሬ ወለል ላይ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ጅራታቸው ላይ ያለው ብርማ መስመር በጨለማ ይታያል፤ ሴቷ ያንን አይታ ትመጣለች። እዚህ ቦታው የሚጠቅመው ለመታየት ብቻ ነው፤ ምግብም መጠለያም የለበትም።

ቀጥታ_ተናጋሪ
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ጅራቱን ጠንክሮ የሚወነጭፍ ጉልበት ያለው ነው፤ ቦታ የሚይዝ ጉልበት ያለው ነው። ተፈጥሮ ደካማን አትወድም። እንቁራሪትም፣ ኒውትም፣ ኮርማም አንድ ናቸው። ለምን በቃላት እናሽሞነሙነዋለን?

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 1፡20

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ኮርማውን ለላም አርቢ ልተወውና ስለ ኒውቱ ልንገርህ፤ አባባልህ እሱ ላይ አይሠራምና።

መጀመሪያ ስለ ትንፋሽ። ኒውት ሳንባ አለው፤ ውሃ ውስጥ ሲሆን በቆዳውም ይተነፍሳል፣ ግን ያ ብቻውን አይበቃውም፤ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ አለበት። ዝም ብሎ ሲተኛ ችግር የለም። ሲያሳይ፣ ሲወነጭፍ፣ ሲያርገበግብ ግን ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል። ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ሴቷ ልትሄድ ትችላለች፤ ወይም ሲመለስ ሌላ ወንድ ፊቷ ቆሞ ያገኛል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቲም ሃሊደይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓመታት ተከታተለው። ከውሃው በላይ ያለውን አየር እየለወጠ ወንዱ ምን እንደሚያደርግ አየ። የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ የወንዱን አካሄድ ከሚወስኑት ዋና ነገሮች አንዱ ምን ያህል ጊዜ ሳይተነፍስ መቆየት መቻሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ቋጠሮውን እንደጣለና ሙከራው እንዳለቀ ወደ ላይ ይወረወራል። እናንተ ሱሉልታ ላይ በየማለዳው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ የሚሮጡ አትሌቶችን የምታዩ ሰዎች ስለሆናችሁ፣ ትንፋሽና ጉልበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላስረዳችሁም።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። ቋጠሮውን የሚያስጥለው ምልክት ምን ነበር? ሴቷ ጅራቱን በአፍንጫዋ መንካቷ። ወንዱ ፊቱን አዙሯል፤ የነካው ማን እንደሆነ አያይም። እንግዲህ ሌላ ወንድ ቀስ ብሎ በሁለቱ መካከል ይገባና ጅራቱን በአፍንጫው ይነካዋል። የፊተኛው ሴቷ ነች ብሎ ቋጠሮውን ይጥላል። ያ ቋጠሮ ባከነ። መሃል የገባው ደግሞ ከኋላው ሴቷ አለች፤ አሁን የምትከተለው እሱን ነው፤ የእሱን ጅራት ስትነካ የራሱን ይጥላል። በአንድ ግንኙነት ወንዱ የሚጥላቸው ቋጠሮዎች ጥቂት ስለሆኑ አንዱን ማስባከን ቀላል ጉዳት አይደለም። ይህንን በለስላሳ ኒውትም፣ ቀይ ነጠብጣብ ባለው የሰሜን አሜሪካ ኒውትም ላይ ተመራማሪው ፖል ቬረል በዝርዝር አጥንቶታል።

ስለዚህ እዚህ የሚያሸንፈው የበለጠ ጡንቻ ያለው አይደለም። ሴት መስሎ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ቦታ የተገኘው ነው። መከላከያም አላቸው፤ ሌላ ወንድ ሲጠጋ ማሳየቱን ያቋርጥና ሴቷን አስከትሎ ከቦታው ለመራቅ ይሞክራል። መንከስ ግን አይመጣለትም። ቢነክስ ሴቷ ትሄዳለች፤ ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ሳር_ሜዳ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 7፡00

መምህር፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ያሉት ነገር እዚያው አለ! ሁለተኛው ወንድ ከጎን መጥቶ በመካከላቸው ገብቷል፤ አፍንጫው የፊተኛውን ጅራት ሲነካ በግልጽ ይታያል። የፊተኛው ጅራቱን ወደ ላይ አንስቶ ትንሽ ነጭ ነገር ወለሉ ላይ ጥሏል። ሴቷ አጠገቡ አልፋ ሄደች። በመጀመሪያ ሳየው የቆሻሻ ቅንጣት መስሎኝ ነበር ያለፍኩት። ከዚያ በኋላ የፊተኛው አንድ አፍታ እዚያው ፈዞ ቆሞ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስቦ ጠፋ። ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ያየው ነገር ምን እንደሆነ እሱም አልገባውም ነበር፤ አሁን ሌሊት ሌሊት ኩሬው ዳር ሊቀመጥ ነው፤ ሚስቱ እኔን ትወቅሳለች።

ቀጥታ_ተናጋሪ
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 8፡25

ታዲያ ይህ ሌብነት ነው። ሌብነትን እያደነቅን ነው ወይ?

ላም_አርቢ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 8፡40

ወንድሜ፣ ኒውት ንስሐ አባት የለውም።

አወያይ
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 9፡00

ስለ ሰው ሥነ ምግባር የጀመራችሁትን ሌላ ክር ላይ ቀጥሉ። ሁለት አስተያየቶችን ሰርዣለሁ። እዚህ ስለ እንስሳቱ።

እናት_ለአራት (ለገጣፎ)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 12፡30

እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ወንዶቹ ነው። ጋማ፣ ጅራት፣ ቦታ፣ ማታለል። ሴቷ ዝም ብላ ጅራት ስትከተል ነው የምትውለው? ሁለት ወንድ ሲሻሙባት እሷ ምን ታገኛለች? መምህር እንደ ሁልጊዜው በዝርዝር ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

በጌንት_ነዋሪ (ቤልጅየም)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3፡15

እትዬ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው።

ሴቷ የምትወስደውን ዘር ወዲያው አትጠቀምበትም። ለማከማቻ የሚሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች በሰውነቷ ውስጥ አሏት፤ እዚያ ታቆየዋለች። በወቅቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ወንድ ቋጠሮ መውሰድ ትችላለች፤ የአንዲት ሴት ልጆች ከተለያዩ አባቶች መሆናቸውም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ ወንዱ ቋጠሮው ተወስዶለትም ፉክክሩ አያበቃም፤ ሰውነቷ ውስጥ ይቀጥላል።

ስትመርጥ ደግሞ አመራረጧ ብልህ ነው። ካትሊን ጋቦርና ቲም ሃሊደይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት አለ። ለስላሳ ኒውቷ ገና ምንም ዘር ሳትይዝ የመጀመሪያውን ወንድ ብዙ ሳታማርጥ ትቀበላለች። አንድ ጊዜ ከያዘች በኋላ ግን ትራቀቃለች፤ ቀጣዩን የምትቀበለው ከመጀመሪያው የበለጠ ጋማ ያለው ከሆነ ነው። መጀመሪያ ባዶ እጇን እንዳትቀር ታረጋግጣለች፤ ማሻሻሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ ሥራው የእሷ ብቻ ነው። እንቁላሎቿን እንደ እንቁራሪት በአንድ ላይ አትጥልም። አንድ በአንድ ትጥላለች፤ እያንዳንዱን በኋላ እግሮቿ የውሃ ተክል ቅጠል አጥፋ ትጠቀልለዋለች። በአንድ ወቅት ብዙ መቶ እንቁላል! ለሳምንታት ይህንኑ ታደርጋለች። ወንዱ እስከዚያ ሌላ ሴት ፊት ጅራቱን እያርገበገበ ነው።

ጋማው እንደ መጋዝ የሆነው ትልቁ ኒውት ላይ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከእንቁላሎቿ ግማሾቹ ሁልጊዜ ይሞታሉ። በሽታ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክሮሞሶማቸው ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች አሉት፤ ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት ቅጂ የወረሰ ፅንስ አያድግም። እናቲቱ ግን ሁሉንም እኩል ትጠቀልላለች።

እናት_ለአራት (ለገጣፎ)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3፡50

ግማሹን? ቅጠል ጠቅልላ ጠቅልላ? ይህችን ሴት አከበርኳት።

የአቃቂ_ልጅ
ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሁሉም ኒውቶች እንዲህ ጨዋ ናቸው ወይስ የሚታገሉም አሉ?

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 4፡00

አሉ፣ ልጄ። በቱርክ፣ በካውካሰስና በሶርያ አካባቢ የሚኖሩ፣ ጎናቸው ላይ መስመር ያላቸው ኒውቶች አሉ፤ ጋማቸው ከሁሉም ይበልጣል። የእነዚህ ወንዶች ኩሬ ውስጥ ክልል ይዘው ሌላውን ያባርራሉ፤ ይነክሳሉም። ቀይ ነጠብጣብ ያለው የአሜሪካው ኒውት ደግሞ ፈቃደኛ ያልሆነች ሴት ሲያጋጥመው አንገቷን በኋላ እግሮቹ ቆልፎ ይይዛታል፤ ጉንጩ ላይ ያሉትን እጢዎች አፍንጫዋ ላይ እያሻሸ ሽታውን ያቀርብላታል። ሌሎች ወንዶች በዙሪያው ከበዙ መያዙን ያዘወትራል። ነገር ግን ቋጠሮውን ለመጣል መልቀቅ አለበት፤ አታላዩ የሚጠብቀውም ያቺኑ ሰዓት ነው።

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያለው ሻካራ ቆዳ ኒውት ለረጅም ሰዓት ያቅፋል፤ አንዲት ሴት ላይ ብዙ ወንዶች ተጠምጥመው እንደ ኳስ ሲንከባለሉም ይታያል። ይህኛው በነገራችን ላይ እጅግ መርዘኛ ነው፤ መርዙ ከአንዳንድ የባሕር ዓሦች መርዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። በሞሮኮና በስፔን ያለው ደግሞ ከሴቷ ስር ገብቶ ክንዶቹን በክንዶቿ ቆልፎ በጀርባው ተሸክሟት ይዞራል። ስለዚህ «ኒውት ይህን ያደርጋል» ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም።

ሳር ሜዳ ስለ ጩኸት ላነሳኸው አንድ ነገር ልጨምር። ጩኸቱም ቢሆን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ መረጃ ነው። ሃሊደይና ኒክ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ጉርጦች ላይ የሠሩት ሙከራ አለ። ሴት ላይ የተቀመጠውን ወንድ አፉን በላስቲክ አስረው ድምፁን አጠፉ፤ ከዚያ በድምፅ ማጉያ የወፍራም ወይም የቀጭን ድምፅ ቅጂ አሰሙ። ሊያወርደው የመጣው ወንድ ወፍራሙን ድምፅ ሲሰማ ጥቃቱን ቀነሰ። ትልቅ ጉርጥ ወፍራም ድምፅ አለው፤ ስለዚህ ድምፁን ሰምቶ «ይህን አልችለውም» ብሎ ይመለሳል። የሱሉልታ ሜዳ ጩኸት ውስጥ ምን ያህሉ ማስፈራሪያ፣ ምን ያህሉ ጥሪ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያደምጥ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል። አንተ የአቃቂ ልጅ፣ አንተን ነው።

የአቃቂ_ልጅ
ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሰምቻለሁ መምህር። ግን የሱሉልታ እንቁራሪቶች የትኞቹ ናቸው?

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 6፡15

ሣር ውስጥ ሆነው የሚጮኹት፣ አፍንጫቸው ሹል፣ እግራቸው ረጅም፣ ሲዘሉ ሩቅ የሚያርፉት ፕቲካዴና የሚባለው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። ወንዶቹ ከጉንጫቸው ስር ግራና ቀኝ የሚነፉ ሁለት ከረጢቶች አሏቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያሉት ለረጅም ጊዜ ጥቂት ዝርያዎች ይመስሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ዘረመላቸውንና ጥሪያቸውን አጥንቶ አንዱን ቡድን ብቻ ከአስር በላይ ዝርያዎች አድርጎ ለየው። ለዓይን ተመሳሳይ የሆኑት በጥሪ ይለያሉ። እንግዲህ ሴቶቹ ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው ያውቁ ነበር።

ሳር ሜዳ፣ አንድ ነገር ፈትሽልኝ። ጉድጓድህ ጥልቅ ከሆነና ውሃው ከቆየ፣ ጠፍጣፋ፣ ቆዳው የሚያዳልጥ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ የሚያዩ፣ የኋላ እግሩ ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር ያለው እንቁራሪት ሊኖር ይችላል። ዜኖፐስ ይባላል፤ በደጋማው አገራችን የሚገኙ ዝርያዎች አሉት። ምላስ የለውም፤ ሕይወቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ ውስጥ ያሳልፋል። ወንዱ የሚጠራው ከውሃው ስር ሆኖ ነው፤ ድምፁ እንደ ጠቅታ ያለ ነው፤ አየር አይወጣውም። ከላይ ቆመህ የምትሰማው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የአንተም ጉድጓድ ውስጥ «ዝም ያሉ» የሚመስሉ ወንዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ኒውት ፍለጋ እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግህም።

ላም_አርቢ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 8፡30

ያን ጥፍራም አውቀዋለሁ! የላሞች ማጠጫ ገንዳ ስናጸዳ እየወጣ እጃችን ላይ ያዳልጣል። ልጆቹ የጋኔል እንቁራሪት ይሉታል። እስከ ዛሬ የታመመ መስሎኝ እየመለስኩ እጥለው ነበር።

ቀጥታ_ተናጋሪ
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 1፡00

ጥሩ፣ ጉልበት ብቻ አይደለም ብላችኋል፤ አልተከራከርኩም፣ አላመንኩምም። ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ። የሱሉልታ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ሣሩ እርጥብ ነው። ኒውቶቹን ከውጭ አምጥተን ኩሬ ውስጥ ብንለቅ ልጆቻችን በዓይናቸው ያያሉ፤ ትምህርት ቤቶችም ይጠቀማሉ። ምን ይከለክላል?

በጌንት_ነዋሪ (ቤልጅየም)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 2፡20

እባክህን ይህን አታስበው። እዚህ የደረሰውን ልንገርህ። በኔዘርላንድስ ጥቁርና ቢጫ የሆኑት እሳት ሳላማንደሮች በድንገት መሞት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ምክንያቱ ቆዳ የሚበላ አዲስ ፈንገስ መሆኑ ታወቀ። ምንጩ እስያ ነው፤ እዚያ ያሉ ኒውቶች ይዘውት ብዙም ሳይጎዱ ይኖራሉ፤ ወደ አውሮፓ የመጣው ለቤት እንስሳ ንግድ ከሚጓጓዙት ጋር ነው ተብሎ ይታመናል። በበሽታው የተያዘ የሳላማንደር መንጋ በአጭር ጊዜ ያልቃል። የዚህ ፈንገስ ዘመድ የሆነ፣ እንቁራሪቶችን የሚገድል ሌላ ፈንገስ ደግሞ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይ ከተገኘ ቆይቷል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌሉ ዝርያዎች በሚኖሩበት ኩሬ ውስጥ ከውጭ የመጣ አምፊቢያን መልቀቅ ከባድ ጥፋት ነው። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ስትሄዱ እንኳን ጫማችሁን ታጥባችሁ አድርቁ።

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። ልጆች ማየት ከፈለጉ ማየት የሚገባቸው ነገር በየጉድጓዱ አለ። ለማየት ደግሞ ብዙ ነገር አያስፈልግም። የባትሪውን መስተዋት በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ። እጃችሁ ላይ ሳሙና ወይም ቅባት ካለ አትንኳቸው፤ ባትነኳቸው ይሻላል። መጀመሪያ ስትደርሱ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ፣ አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። የሚጮኸውን ብቻ አትመልከቱ። ከሚጮኸው አጠገብ ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠ ወንድ ካለ እሱን ተከታተሉት። በሌሎች አገሮች ብዙ እንቁራሪቶች ላይ እንደታየው፣ ጩኸቱ የጠራትን ሴት መንገድ ላይ ሊጠልፍ ሊሆን ይችላል።

ሳር_ሜዳ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ ከቡራዩ ሩቅ አይደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢመጡ ደስታውን አልችለውም፤ የአቃቂውም ልጅ አብሮ ይምጣ። ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይገባም። ቦቲ ጫማ ይዘው ይምጡ፤ ከሌለ የእኔ ትርፍ አለ፣ ቁጥሩ 42 ነው።

ላም_አርቢ (ሱሉልታ)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 3፡45

ወተቱ ከእኔ ነው። ጥፍራሙንም በባልዲ ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሳሙና አልነካም፣ ቃሌ ነው።

እናት_ለአራት (ለገጣፎ)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 4፡10

ልጆቼን ይዤ ልምጣ? ትንሹ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል፤ አስቀድሜ ልናገር።

ጡረተኛ_መምህር (ቡራዩ)
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 4፡15

ይምጣ። በ10 ሰዓት ሱሉልታ እደርሳለሁ። የእግሬ ቁጥር 41 ነው፤ ካልሲ እደርባለሁ።